ሰር ሃሪ ሪካርዶና የሞተር ማንኳኳት

ከዛሪማ ቆላ ተነሥታ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ደባርቅ የምትወጣ፣ ጭነት የበዛባት የቤንዚን መኪና ዳገቱ ሲበረታባት ሞተሯ በመዶሻ የሚመታ ያህል ያንኳኳል። ሾፌሩ ማርሽ ቀይሮ ነዳጁን ለቀቅ ሲያደርግላት ድምፁ ይጠፋል። ውድ አንባብያን፣ የዚህን ድምፅ ምክንያት በመመርመር ዕድሜውን ያሳለፈው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሃሪ ሪካርዶ ነው። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ሪካርዶ በ1885 በለንደን ተወለደ። አባቱ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ፣ የእናቱ አባትም ስመ ጥር መሐንዲስ ነበሩ። በካምብሪጅ ሲማር፣ በ1904 በአንድ ሊትር ከጥቂት በላይ ቤንዚን ማን ርቆ እንደሚሄድ ለመለየት በተደረገ ውድድር ራሱ በሠራው ሞተር ብስክሌት 64 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አሸነፈ። ይህን ያዩት መምህሩ በርትራም ሆፕኪንሰን ወደ ሞተር ምርምር መሩት።

በዚያን ዘመን ብዙዎች ማንኳኳት የሚመጣው እሳቱ ከጊዜው ቀድሞ ስለሚነሣ ነው ይሉ ነበር። ሪካርዶ ግን ሌላ ነገር አስተዋለ። ካንዴላው ብልጭታ ሲሰጥ እሳቱ ከአንድ ወገን ተነሥቶ ይስፋፋል፤ ሲስፋፋም ከፊቱ ያለውን ያልተቃጠለ የአየርና የቤንዚን ቅይጥ ይጨምቀዋል፣ ያሞቀዋልም። በሲሊንደሩ ጥግ የቀረው ቅይጥ እሳቱ ሳይደርስበት በራሱ ጊዜ በአንድነት ከነደደ፣ ግፊቱ ብረቱን ይመታዋል። እንግዲህ ነገሩ የእሽቅድምድም ያህል ነው፤ ወይ እሳቱ ፈጥኖ ይደርሳል፣ ወይ ቅይጡ ይቀድማል።

መድኃኒቱም በሁለት መንገድ ተፈለገ። የመጀመሪያው ሙቀትን የሚታገሥ ነዳጅ ማግኘት ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሪካርዶ ከቲዛርድና ከፓይ ጋር ሆኖ፣ እየሠራ ሳለ የመጭመቅ መጠኑን መለወጥ የሚቻል ሞተር አዘጋጅቶ ነዳጆችን በየተራ መዘነ። አልኮልም ማንኳኳትን አጥብቆ እንደሚቋቋም ታየ። በአገራችን በ2008 የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ሲጀመር፣ ዋናው ዓላማ የውጭ ምንዛሪ ማዳን ቢሆንም፣ ይኸው ጠባይ አብሮ የመጣ ጥቅም ነበር።

ሁለተኛው መንገድ የቴስታታውን ቅርጽ መለወጥ ነው። በረጋ አየር እሳት ይዘገያል፤ በሚናወጥ አየር ግን ነበልባሉ ይጨማደድና ገጹ ሰፍቶ በፍጥነት ይነድዳል። ሪካርዶ በ1919 ገደማ አየሩን የሚያናውጥ ቴስታታ ነደፈ፤ ርካሾቹ የጎን ቫልቭ ሞተሮች በዚህ ብዙ ተሻሻሉ።

በአሜሪካ ግን በ1921 ቶማስ ሚጅሊ እርሳስ ያለበት ውሕድ በቤንዚን መጨመር ማንኳኳትን እንደሚያስቀር ደረሰበት። መንገዱ ርካሽና ቀላል ነበር፤ ዓለምም ተከተለው። በ1924 ውሕዱን ሲያዘጋጁ የነበሩ ሠራተኞች ተመርዘው ሞቱ፤ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳው ጭሱም ለአሥርተ ዓመታት በየመንገዱ ተበተነ። የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ለመኪና መሸጡን ያቆመችው በ2021 ነው። ሪካርዶ የእርሳስ ተቃዋሚ ነበር ማለታችን አይደለም፤ ሆኖም የቴስታታው ቅርጽ ማንንም አይመርዝም።

ዛሬ መሐንዲሶች የሲሊንደሩን ውስጥ በኮምፒዩተር በብዙ መቶ ሺህ ጥቃቅን ክፍሎች ከፍለው፣ በእያንዳንዱ የአየሩን ንውጽውጽታ፣ ሙቀቱንና ግፊቱን፣ ጥጉ ያለው ቅይጥ መቼ በራሱ እንደሚነድም ያሰላሉ። ሪካርዶ ያቋቋመው ኩባንያም ቬክቲስ የተባለ ለዚህ የሚሆን ፕሮግራም አውጥቷል። ከፍታም በስሌቱ ይገባል። በደባርቅና በዳባት የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ሲነጻጸር ሲሶ ገደማ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ተራ የቤንዚን ሞተር ጉልበቱ ቢያንስም ማንኳኳቱ ይቀልለታል። በደጋው ጸጥ ብሎ የሠራ ሞተር ወደ ተከዜ ቆላ ሲወርድ ሊያንኳኳ ይችላል።

ሪካርዶ ለእንግሊዝ ታንኮች በሠራው 150 የፈረስ ጉልበት ሞተር ይበልጥ ይታወቃል፤ እኛ ግን የቤንዚኑን ሥራ እናስቀድማለን። በ1948 የሰርነት ማዕረግ ተሰጠው፤ በ1968 የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። በ1974 በ89 ዓመቱ ዐረፈ።