ዊንጌት፦ እዚህ ነፃ አውጪ፣ እዚያስ?



ከተማችን አዳማ በንጉሡ ዘመን ናዝሬት ስትባል ስሙ የመጣው ገሊላ ውስጥ ከምትገኘው ከተማ ነው። በዚያው በገሊላ የአረቦችን መንደር በሌሊት ሲወር የነበረ እንግሊዛዊ መኮንን እኛ ዘንድ ነፃ አውጪ ተብሎ በስሙ አዲስ አበባ ላይ ትምህርት ቤት ተሰይሞለታል። ጄኔራል ኦርድ ዊንጌትን ማለቴ ነው። የእርሱን ሕይወት ያወቀ የዚያን አካባቢ ግጭት ሥር ያውቃል ብዬ አምናለሁ።

ዊንጌት እ.ኤ.አ. በ1903 ሕንድ ውስጥ ከጥብቅ ፕሮቴስታንት ቤተሰብ ተወለደ። ዐረብኛ ተምሮ በሱዳን አገለገለ። በ1936 ፍልስጤም ሲደርስ አረቦች አምፀው ነበር። ለምን? እንግሊዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሸሪፍ ሁሴን የአረቦችን ነፃነት፣ በ1917 በባልፎር መግለጫ ደግሞ ለአይሁዶች ፍልስጤም ውስጥ ብሔራዊ መኖሪያ ቃል ገብታ ነበርና ነው። ከአውሮፓ በደል የሸሸው አይሁዳዊ አገር ፈለገ፤ አረቡም አገሬን አልነጠቅም አለ። ነዋሪውን ሳይጠይቅ ቃል የሰጠው ግን ሦስተኛ ወገን ነበር።

ዊንጌት ልቡን ለጽዮናውያን ሰጠ። በ1938 እንግሊዛውያንንና አይሁዶችን ያቀፈ ልዩ የሌሊት ጦር አቋቋመ፤ ሞሼ ዳያንም በሥሩ ነበር። ጦሩ ከኢራቅ ወደ ሃይፋ የተዘረጋውን የነዳጅ ቧንቧ ሲጠብቅ መንደርተኛውን በጅምላ ይቀጣ ነበር። ወገንተኝነቱ ቢበዛ በ1939 የገዛ መንግሥቱ ከፍልስጤም አስወጣው።

በ1941 ከጎጃም አርበኞች ጋር ተሰልፎ ፋሺስት ኢጣሊያን ተዋጋ። ጦሩንም በመጽሐፍ ቅዱሱ ተዋጊ በጌዴዎን ስም ሰየመው። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ንጉሡ አዲስ አበባ ገቡ። ዊንጌት በ1944 ሕንድ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በእስራኤልም በስሙ የሚጠራ የስፖርት ተቋም አለ።

እኔ ውለታውን አልክድም። ነገር ግን ኢጣሊያ አርበኞቻችንን ሽፍታ ትል እንደነበረ ሁሉ እንግሊዝም የፍልስጤም አማፅያንን ወንበዴ ትላቸው ነበር። የእኛው አርበኛ ጀግና፣ አገሩን አልሰጥም ያለው ፍልስጤማዊ ግን ወንበዴ የሚሆንበት ሚዛን ምን ዓይነት ሚዛን ነው?

ሌላም አለ። ይህን ጠብ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ጠብ አድርገው የሚያወሩ ጎረቤቶች አሉን፤ ከእኛም መካከል አሉ። የዚያችኛዋ ናዝሬት አረቦች ግን ሙስሊሞችም ክርስቲያኖችም ናቸው። ነገሩ የመሬትና የፍትህ ነው። እኛም ለወደድነው ብቻ ሳይሆን ለጠላነውም ፍትህን እንድንመሰክር ታዘናል።

ወላሁ አዕለም።