የሊቁ የቅዱስ ያሬድ ታሪክ፤ ስለ ክፍል ተማሪዎችም ብዛት

የቅዱስ ያሬድን ስም የማያውቅ የጋይንት ልጅ ይኖራል ብዬ አላስብም። ካህናቱ በማሕሌት ሌሊቱን የሚያነጉበት ዜማ የእርሱ ነው፤ በየዓመቱ ግንቦት 11 ቀን በዓሉ ይከበራል፤ በአዲስ አበባ ያለው የሙዚቃ ትምህርት ቤትም በስሙ ይጠራል። ነገር ግን ስለ ዜማው ብዙ ሲነገር ስለ ተማሪነቱ የሚነገረው ጥቂት ነው፤ ቢነገርም ሰነፍ ተማሪን ለመምከር ያህል ብቻ ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ ታሪኩን በተማሪ ቤቱ በኩል ላየው አሰብሁ። አንድ አስተማሪ ስንት ተማሪ ሊያስተምር ይችላል የሚለው ጥያቄ ዛሬ ወላጆቻችንንም አስተማሪዎቻችንንም የሚያስጨንቅ ስለ ሆነ፥ መልሱን ከሩቅ አገር ከመፈለግ በፊት በአገራችን እጅግ ከታወቀው ተማሪ መጀመር ይሻላል ብዬ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ታሪክ እንደሚያስረዳው ያሬድ በአክሱም በ505 ዓ. ም. ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ስለ ሞተ እናቱ ለዘመዷ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። አባ ጌዴዎንም በአክሱም ጽዮን ቤተ ክርስቲያን የሚያስተምሩ መምህር ነበሩ። ሕፃኑ ፊደል ቆጥሮ መዝሙረ ዳዊትን ጀመረ፤ ትምህርቱ ግን አልገባው አለ። ዛሬ የተማረው ነገ ይጠፋዋል። ጓደኞቹ አልፈውት ሄዱ፤ ይስቁበትም ጀመር። መምህሩም ተቆጥተው ገረፉት።

ግርፋቱን እኔ አላመሰግንም፤ በዱላ የተከፈተ አእምሮ አላየሁም። ይሁን እንጂ ከቍጣው በስተጀርባ ያለውን ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። አባ ጌዴዎን ሊቆጡ የቻሉት ያሬድ በየቀኑ በፊታቸው ቀርቦ የተማረውን ስለሚያሰማ ነው። የትኛው ቃል እንደ ጠፋው፥ የትኛው መዝሙር ላይ እንደ ቆመ ያውቁ ነበር። በዚያ ጉባኤ ውስጥ አንድ ተማሪ አለማወቁን ደብቆ ሊኖር አይችልም ነበር።

ያሬድ ግርፋቱን መታገሥ ስላቃተው ትምህርቱን ትቶ ወደ መደባይ ወለል ጕዞ ጀመረ። በመንገድ ሳለ ማይ ኪራሕ በምትባል ቦታ ከዛፍ ሥር ዐረፈ። ከዚያም አንዲት ትል ፍሬውን ለመብላት ወደ ዛፉ ላይ ስትወጣ አየ። ትወጣለች፥ ትወድቃለች፤ እንደ ገና ትወጣለች፥ ትወድቃለች። ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ደረሰች። ሕፃኑም ይህን አይቶ አለቀሰ፤ ተነሥቶም ወደ አክሱም ተመለሰ። ከመምህሩ እግር ወድቆ ይቅርታ ለመነ። እርሳቸውም ተቀበሉት፤ እንደ ገናም ያስተምሩት ጀመር። ከዚያ ወዲያ ዳዊቱንም ሌሎቹን መጻሕፍትም በጥቂት ጊዜ ፈጸመ፤ ዲያቆንም ሆነ።

ይህን ታሪክ በሰማን ቍጥር ትሊቱን እናደንቃለን፤ ያሬድንም እናደንቃለን፤ አባ ጌዴዎንን ግን እንረሳቸዋለን። ያሬድ ሲመለስ ስሙን የሚያውቅ፥ ከየት እንዳቋረጠ የሚያስታውስ፥ ከዚያው ቦታ ሊያስጀምረው ጊዜ ያለው መምህር ባያገኝ ኖሮ ሰባተኛው ሙከራ ከወዴት ይመጣ ነበር?

እኔ ታች ክፍል በተማርሁበት በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት በክፍላችን ውስጥ ከሰባ በላይ ነበርን። በአንድ ዴስክ አራት አራት ሆነን ስለምንቀመጥ ክንድ ከክንድ እንዳይጋጭ የምንጽፈው በየተራ ነበር። ከኋለኛው መሥመር የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበረ፤ ንባብ ያስቸግረዋል። አስተማሪው ትምህርቱ ገብቶን እንደ ሆነ ሲጠይቁ ክፍሉ በአንድ ድምፅ አዎን ይላል፤ የዚያ ልጅ ድምፅም በዚያው ውስጥ ይጠፋል። ከገና በኋላ መምጣቱን ተወ። አስተማሪው ክፉ ሰው አልነበሩም። በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ ያስተምሩ ነበር፤ የሚያርሙት ደብተርም ለሁለት ሰው ሸክም ነበር። የልጁ መቅረት የታወቀው ለፈተና ስም ሲጠራ ነው። እርሱም በመንገድ ላይ ትሊቱን አይቷት ይሆናል፤ ግን ተመልሶ ከማን ፊት ይቆማል?

ነገሩን በሒሳብም ማየት ይቻላል። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው እንበል። አስተማሪው ስም ሳይጠራ፥ ሰሌዳ ሳያጠፋ፥ አንድ ቃል እንኳ ሳያስረዳ ጊዜውን ሁሉ ለተማሪዎቹ ቢያካፍለው፥ በክፍሉ 80 ተማሪዎች ካሉ ለያንዳንዱ የሚደርሰው ግማሽ ደቂቃ ነው። በግማሽ ደቂቃ አንድ መዝሙር አይደገምም። የአገራችን የትምህርት ዕቅድ በመጀመሪያ ደረጃ በአንድ ክፍል 50፥ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪዎች እንዲሆኑ ይመክራል። በአሜሪካ በቴነሲ ግዛት ከ1985 እስከ 1989 (እ. ኤ. አ.) በ79 ትምህርት ቤቶች በተደረገ ምርመራ፥ ከ13 እስከ 17 ሆነው የተማሩ ሕፃናት ከ22 እስከ 25 ሆነው ከተማሩት ይልቅ በንባብና በሒሳብ በልጠው ተገኝተዋል፤ ጥቅሙም ለድኾቹ ልጆች የበለጠ ነበር። በዚያ አገር ብዙ ነው የተባለው 25 በእኛ ዘንድ ግማሹ ክፍል ለቅሶ የሄደበት ቀን ይመስላል።

ወደ ያሬድ እንመለስ። ያሬድ በኋላ በአባ ጌዴዎን ወንበር ተተክቶ ማስተማር እንደ ጀመረ ይነገራል። ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ከገነት የተላኩ ሦስት አዕዋፍ መጥተው የሰማያዊውን ዜማ አስተማሩት፤ ግዕዝ፥ ዕዝልና ዓራራይ የሚባሉትን ሦስቱን የዜማ ዓይነቶችም አስገኘ። ድጓንና ጾመ ድጓን፥ ምዕራፍን፥ ዝማሬንና መዋሥዕትን ደረሰ። በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመሥጠው ጦራቸውን ከእግሩ ላይ ተከሉት፤ ደሙ ሲፈስ ንጉሡም አላዩ፥ ዘማሪውም አልተሰማው።

ለእኛ ለጋይንት ሰዎች የሚቀርበን ግን ከዚህ የሚቀጥለው ነው። ያሬድ ከአፄ ገብረ መስቀልና ከአቡነ አረጋዊ ጋር ወደ አገራችን መጥቶ በዙር አምባ ተቀመጠ፤ ለቍርባን የሚባለውን ዝማሬንና ለሙታን የሚባለውን መዋሥዕትን ያስተማረው በዚያ ነው ይባላል። ዝማሬና መዋሥዕት ጠንቅቆ ሊማር የሚሻ ሁሉ ወደ ዙር አምባ የሚመጣው ስለዚህ ነው። ድጓ ደግሞ በጋይንት በቤተልሔም ይመሰከራል፤ የቆማ ዜማም ከእስቴ ከቆማ ፋሲለደስ የወጣ ነው። ከሩቅ ለመጣ ሰው አገራችን የነፋስና የብርድ አገር ብቻ ትመስለው ይሆናል፤ ደበሎ ለብሶ አኮፋዳ ይዞ በእግሩ ለሚመጣው ተማሪ ግን ታላቅ ዩኒቨርሲቲ ነበረች።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሽማግሌዎች የሚያነሡት ጥያቄ አለ። በየኔታ ጉባኤ ከመቶ የሚበልጥ ተማሪ ተሰብስቦ ሲማር ኖሯል፤ ታዲያ የዛሬ ልጆች ሰባ መሆን እንዴት ከበዳችሁ ይላሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ነገር ግን የየኔታን ጉባኤ ቀርቦ ያየ ሰው ሁሉም አንድ ትምህርት በአንድ ጊዜ እንደማይማር ያውቃል። አንዱ ፊደል ይቈጥራል፥ ሁለተኛው ውርድ ንባብ ያነባል፥ ሦስተኛው ዳዊት ይደግማል። የበሰለው ተማሪ ለጀማሪው ያስጠናል፤ የኔታም በየተራ እያቀረቡ ያሰሟቸዋል። ያልያዘ ተማሪ አያልፍም፤ ደወል ስለ ተደወለም ትምህርቱ አይቋረጥም፤ ሌሊትም የቃል ትምህርት አለ። የተማሪው ብዛት መቶ ቢሆንም በመምህሩ ፊት የሚቀርበው አንድ ነው። እኛ ግን ከዘመናዊው ትምህርት ቤት ደወሉንና ሰሌዳውን ወስደን፥ ከየኔታ ጉባኤ ደግሞ ብዛቱን ብቻ ወስደን፥ አንድ ላይ አጣመርናቸው።

የድሮውን ሁሉ ማመስገኔ እንዳይመስላችሁ። በዚያ ጉባኤ ሴቶች ልጆች በብዛት አልነበሩም፤ የእረኛውም ልጅ ሁሉ አልተማረም። ዛሬ ክፍሉ የጠበበው በሩ ለሁሉም ስለ ተከፈተ ነው፤ እኅቶቼም በዚያው በር ስለ ገቡ ብዛቱን ልረግመው አልችልም። በሩን እንዝጋ የሚል ሰው ካለ ከእርሱ ጋር አይደለሁም። የምለው፥ ልጁን ካስገቡት በኋላ የሚያዳምጠው ሰው ያስፈልገዋል ነው።

ወላጆች በየጊዜው ድንጋይና እንጨት አቅርበው፥ ገንዘብም አዋጥተው ክፍል ሲያሠሩ አያለሁ፤ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን አዲስ ክፍል ተሠርቶ አዲስ አስተማሪ ካልተጨመረ ሰባዎቹ ከአሮጌው ቤት ወደ አዲሱ ቤት ተዛወሩ እንጂ አልተከፈሉም። ስለዚህ በወላጆች ስብሰባ ላይ ስለ ቆርቆሮና ስለ ሚስማር የሚጠየቀውን ያህል ስለ አስተማሪም ቢጠየቅ፥ መጥቶ ዓመት ሳይሞላው የሚሄደው አስተማሪም በደመወዙ ቤት ሊከራይ ይችል እንደ ሆነ ቢታሰብ መልካም ነው። እስከዚያው ድረስ እኛ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከትምህርት ሰዓት በኋላ ታናናሾቻችንን አምስት አምስት እያደረግን ንባባቸውን ብናዳምጥ ገንዘብ አይጠይቅም። ይህ ከውጭ የመጣ ዘዴ አይደለም፤ ከዙር አምባ የእኛ ከተማ ሩቅ አይደለችም።

ያሬድ በእግሩ ላይ የተተከለው ጦር ከተነቀለ በኋላ ንጉሡ የወደደውን እንዲጠይቅ ፈቀዱለት። እርሱም ወርቅና ርስት አልለመነም፤ ከቤተ መንግሥት ተሰናብቶ ወደ በረሓ ለመሄድ ለመነ። ንጉሡ ቢያዝኑም ቃላቸውን አላጠፉም። ያሬድም ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ፤ በዚያ ብርድ አገርም እየጸለየ ደቀ መዛሙርትን ሲያስተምር ኖረ፤ በ571 ዓ. ም. በዚያው ከሰው ዓይን ተሰወረ ይላል ገድሉ።

የዜማው ምልክቶች ግን በእርሱ ዘመን እንደ ዛሬው ተጽፈው አልነበሩም። ድጓው ላይ በቀይና በጥቍር የምናያቸውን ምልክቶች ሥርዓት ያስያዙት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው፤ እነርሱም የነበሩት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ ከ1533 እስከ 1551 ዓ. ም. ባለው ጊዜ ነው። ከያሬድ እስከ እነርሱ ሺሕ ዓመት ያህል ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ዜማው የተጓዘው ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ፥ ከተማሪ አፍም ተመልሶ ወደ መምህር ጆሮ ነበር። ምልክት ከተጻፈም በኋላ ልማዱ አልቀረም። ድጓን በሌላ አገር የተማረ ሰው ለመመስከር ወደ ቤተልሔም ሲመጣ፥ መምህሩ መጽሐፉን ተመልክተው አይሰዱትም፤ ተቀምጠው ያዳምጡታል፤ የሳተውንም ያርሙታል፤ ሌላው ተማሪ እስኪጨርስ ተራውን ይጠብቃል።