መንገድ የጠረጉት ንጉሥ

ስለ አፄ ቴዎድሮስ ደግሞ ምን ያልተጻፈ ቀረና ነው? ተብዬ እንደምጠየቅ አውቃለሁ። ሹሩባውም፣ ሽጉጡም፣ መቅደላም ተነግሮ ተነግሮ አልቋል። እኔ ግን ላነሳ የፈለግሁት ሌላ ነገር ነው፤ መንኮራኩርና መንገድ። እኛ ሐይቅ ያደግን ልጆች መቅደላን የምናውቀው ከአምባሰል ተራሮች ባሻገር፣ በስተምዕራብ እንዳለ አምባ ነው። ስሙን እንሰማለን እንጂ ያ ሁሉ ብረት እዚያ ገደል አናት ላይ እንዴት ወጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም።

ቴዎድሮስ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ቋራ ውስጥ ተወለዱ፤ የመጀመሪያ ስማቸው ካሳ ኃይሉ ነው። ሽፍትነቱን፣ ከእነ ራስ ዓሊ ጋር የተደረገውን ውጊያ አንባቢ ስለሚያውቀው ልለፈው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ነገሡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ወሎ ዘምተው መቅደላን ያዙ።

በዚያን ጊዜ ሰውም ሆነ ዕቃ የሚጓዘው በእግር፣ በበቅሎ፣ በአህያና በሸክም ነበር። ጋሪ የለም፤ ቢኖርስ በየት ይሄዳል? ንጉሡ ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደር፣ ወደ ጎጃምና ወደ መቅደላ መንገድ ማስጠረግ ጀመሩ። ዘውድ የጫነ ሰው ከወታደር ጋር ድንጋይ ሲያነሳ መታየቱ ለዘመኑ መኳንንት ግራ ሳያጋባቸው አልቀረም።

ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስገረመኝ የታንኳው ነገር ነው። በ1858 ዓ.ም. ጣና ላይ፣ ዘጌ ሳሉ፣ በእንፋሎት ስለሚሄዱ መርከቦች የሰሙትን በእጃቸው ባለው ነገር ሊሠሩት ተነሱ። ሞተር የለ፣ የብረት ፋብሪካ የለ። ታዲያ ምን አደረጉ? ትልልቅ የደንገል ታንኳ አሠርተው፣ ወለሉን በእንጨት አስመትተው፣ በግራና በቀኝ መንኮራኩር አስገጠሙ። መንኮራኩሩን የሚያዞረው እንደ መሳያ ድንጋይ በእጀታ የሚሽከረከር ነገር ነበር። ሐሳቡ እኮ ዛሬ በእግር እየተረገጠ ከሚሄደው የመዝናኛ ጀልባ ጋር አንድ ነው! ያን ጊዜ እሥረኛቸው ሊሆን የተቃረበው እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ስለዚህ ሥራ ጽፎ ባያልፍ ኖሮ ማን ያወራልን ነበር?

ጋፋት የሚባለው ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለ ቦታ ደግሞ የንጉሡ የሥራ ቤት ሆነ። ቫልድማየርን የመሳሰሉ ሚሲዮናውያንና ሌሎች አውሮፓውያን እጅ ጥበበኞች እዚያ ነበሩ። አብዛኞቹ መድፍ አቅልጠው አያውቁም፤ ንጉሡ ግን አንለቅም አሉ። መጀመሪያ የተሞከረው ከሸፈ፣ ምድጃው እንደገና ተሠራ፣ እያለ እያለ በ1859 ዓ.ም. 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ።

በ1860 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ ላይ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፎቹን በሠረገላ ጭነው ወደ መቅደላ ተነሱ። ጉዞው እስከ መጋቢት ድረስ ወሰደ፤ ወደ ስድስት ወር ማለት ነው። መንገዱ እየተጠረገ፣ ሠረገላው በመቶ በሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር እየተጎተተ ነው የሚሄደው። ዳገቱ አንድ ነገር ነው፤ ቁልቁለቱ ግን የባሰ ነው፤ የጅዳን ገደል ሲወርዱ ከኋላ ሆኖ ወደ ላይ የሚይዘው ሰው ከለቀቀ 70 ኩንታል ብረት ከፊት ባሉት ላይ ይመጣል። ከጅዳ ወጥቶ ደላንታ፣ ከደላንታ ወርዶ በሽሎ፣ ከበሽሎ እንደገና ሽቅብ። በሽሎን ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

እዚህ ላይ ማድነቄን ቆም ላድርግና የወሎ ልጅ ሆኜ ላውራ። ያ መንገድ ማንን አገለገለ? ገበሬውን አይደለም። ሠራዊቱ በደረሰበት ሁሉ እህሉና ከብቱ ይዘረፍ ነበር። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ወሎዋ ገዢ ወርቂት ዘንድ ሲገቡ፣ ንጉሡ ያሰሩትን የወርቂትን ልጅ ገደሉት። በመጨረሻዎቹ ቀኖችም በመቶ የሚቆጠሩ እሥረኞች ከገደል ተወርውረዋል። ስለ መንኮራኩሩ ስናወራ ይህን ብንዘለው ታሪኩን አልነገርነውም ማለት ነው። እኔ ሁለቱንም ይዤ ነው የማስባቸው፤ አንዱ ሌላውን አያጠፋልኝም።

በዚያው ዓመት ጄኔራል ናፒየር ከዙላ ወደብ ተነስቶ መጣ። ባሕሩ ዳር የባቡር ሐዲድ ዘርግቶ፣ ከሕንድ 44 ዝሆን አስጭኖ! ደላንታ አካባቢ ሲደርስ ግን የተጠረገ መንገድ ጠበቀው፤ የራሳቸው የቴዎድሮስ መንገድ። ጦሩ በእሱ ላይ ጅዳን ተሻግሮ ወደ በሽሎ ወረደ። ሚያዝያ 3 ቀን እሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ፤ መድፎቹ ያመጡት ለውጥ አልነበረም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች በሩን ሰብረው ሲገቡ ንጉሡ ራሳቸውን ገደሉ።

ጦሩ አምባውን አቃጥሎ ሲመለስ የዘረፈውን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጫነ። በሽሎን ተሻግረው፣ በዚያው በተጠረገው መንገድ ሽቅብ ወጥተው፣ ደላንታ ሜዳ ላይ ለጨረታ አቀረቡት። ሴባስቶፖል እዚያው አምባው ላይ ቀረ።