ሳክስፎንን የሠራው ሰው

ሳክስፎን ከናስ ተሠርቶ ሳለ ለምን ከእንጨት የትንፋሽ መሣሪያዎች ጋር እንደሚመደብ ታውቃላችሁ? መልሱን ከአዶልፍ ሳክስ ታሪክ እናገኘዋለን።

ሳክስ በፈረንጆች 1814 ቤልጂየም ውስጥ ዲናንት በምትባል ከተማ ተወለደ። ልጅ እያለ ከሞት የተረፈው ደጋግሞ ነው። ከፎቅ ደረጃ ወድቋል፣ መርፌ ውጧል፣ ወንዝም ሊወስደው ነበር ይባላል። እናቱ እንኳን ያድግልኛል ብላ ተስፋ አላደረገችም።

እሱ ግን አደገ። አባቱ የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ ስለነበር ሙያውን ከሱ ተማረ። የክላርኔትን ቅልጥፍና ከጥሩንባ ኃይል ጋር ማገናኘት ፈለገ። ስለዚህ ከናስ እንደ ቀንድ እየሰፋ የሚሄድ ቱቦ ሠራ። ጎኑ ላይ ቀዳዳዎች አውጥቶ በጣት የሚከፈቱና የሚዘጉ ክዳኖች ገጠመላቸው። አፉ ላይ ደግሞ እንደ ክላርኔት ስስ የሸምበቆ ቁራጭ አሰረ። ሲነፋ ሸምበቆው ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁም ከዚያ ይነሳል። ከእንጨቶቹ ጋር የተመደበው በዚህች ሸምበቆ ምክንያት ነው።

በ1846 ፓሪስ ውስጥ የፈጠራ መብት አገኘ። ሌሎች መሣሪያ ሠሪዎች ግን ከሰሱት፤ ለብዙ ዓመታት ፍርድ ቤት ተመላለሰ። ሦስት ጊዜ ከሰረ። በ1894 ሲሞት ድሃ ነበር።

ሳክስፎኑ ግን ዓለምን ዞረ። እኛም አገር ገብቶ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላ ተጫውቶበታል። እኔን የሚያሳዝነኝ ሳክስ ይህን ሳይሰማ መሞቱ ነው። ቢሆንም ሥራውን አልተወም፣ እኛም አንተው።