ሠዓሊው መርቆሬዎስና የአትሮንሰ ማርያም ሥዕል

ዛሬ መካነ ሰላም ያለበት የምዕራብ ወሎ ደጋ ቀድሞ በአማራ ምድር ውስጥ የሚቈጠር፣ ነገሥታት የሚመላለሱበት፣ ታላላቅ አድባራት የታነጹበት አገር ነበረ። በዚያ ምድር ስማቸው ከገነነ አድባራት አንዲቱ ዐፄ በእደ ማርያም (በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1468 እስከ 1478 የነገሡት) ያሳነጿት አትሮንሰ ማርያም ናት።

በዚች ደብር ሥራውን ያኖረው ሠዓሊ ኒቆሎ ብራንካሌዎን የተወለደው በጣልያን አገር በቬኒስ ነው። በዚሁ አቈጣጠር በ1480 ገደማ ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ የአገሩም ሰው መርቆሬዎስ ብሎ ጠራው። ዐፄ እስክንድር፣ ዐፄ ናዖድና ዐፄ ልብነ ድንግል ተራ በተራ ሲነግሡ አይቶ በዚሁ ሸመገለ። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በክብር ተቀምጦ አገኘው።

ከመጣበት አገር ልማድ የተነሣ ግን ታላቅ ፈተና ደረሰበት። በአትሮንሰ ማርያም እመቤታችንን ሲሥል ሕፃኑን በግራ ክንዷ አሳቀፋት። በጣልያን ሠዓልያን ዘንድ ይህ ነውር አልነበረም፤ በኢትዮጵያ ግን ቀኝ የክብር፣ ግራ የኃሣር ወገን ሆኖ ይታያልና ሕዝቡ ጌታን እንደ ማዋረድ ቈጠረው። ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ የነበረው የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እንደ ጻፈው፣ ስለ ሥዕሏ ሁከት ተነሣ፤ ንጉሡ ግን ለሠዓሊው ጠበቃ ሆነው አዳኑት።

ሥዕሏን ከሰው ቍጣ ንጉሥ ቢያድናትም ደብሪቱን ከእሳት የሚያድናት አልተገኘም። በ1531 የኢማም አሕመድ ሠራዊት አትሮንሰ ማርያምን በዝብዞ አቃጠላት። ሥዕሏም ዛሬ የለችም። የመርቆሬዎስ እጅ የሚታወቀው በጎጃም በወፋ ኢየሱስና በጌቴሴማኒ ማርያም በተጠበቁ ሥራዎቹ ነው።

ከሰባና ከሰማንያ ዓመት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በሮም በታላቂቱ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ያለችው ሥዕል አምሳያዋ ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ እርሷም ሕፃኑን በግራ ክንዷ ያቀፈች ናት። ሠዓልያኑ ተቀብለው በየመቅደሱ ሣሏት፤ ምእመናኑም ሳይታወኩ ተሳለሟት። ስለዚህ አንድ ዘመን የነቀፈውን ሌላው ዘመን ሊያከብረው ይችላልና፣ አባቶች ያቈዩትን ሥዕልና ብራና ከእሳት፣ ከዝናምና ከቸኰለ ፍርድ መጠበቅ የተተኪው ትውልድ ዕዳ ነው።