ጠበቃው ፒርሰን እና የሰቆጣው ኩንታል

የሕግ ምሩቅ ነኝ፤ ከቁጥር ጋር ብዙም አንዋደድም። ካርል ፒርሰንን የወደድኩት የሙያ ዘመዴ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። እ.ኤ.አ. በ1857 ለንደን ውስጥ ከጠበቃ አባት ተወለደ። በካምብሪጅ ሒሳብ ተምሮ፣ በ1881 ለጥብቅና ቢበቃም ችሎት ሳይቆም ቀረ። ይልቁንም በለንደን የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆኖ ቁጥርን እንደ ምስክር መስቀለኛ ጥያቄ ይጠይቅ ጀመር።

በ1897 ያፋጠጠው ምስክር የጋራ አካፋይ ያላቸው ቁጥሮች ነበሩ፤ የሌለ ዝምድና ይፈጥራሉ ሲል አጋለጣቸው። መቶኛም ያው ነው። አንድ የሰቆጣ ገበሬ ስድስት ኩንታል ገብስ፣ ሁለት ጤፍ፣ ሁለት ባቄላ አገባ እንበል። ጤፉ 20 በመቶ ነው። በዓመቱ ገብሱ ተመትቶ አንድ ኩንታል ብቻ ቢቀርለት፣ የጤፉ ድርሻ 40 በመቶ ይሆናል። አንዲት ፍሬ ሳይጨምር!

መድኃኒቱን በ1982 ያመጣው ስኮትላንዳዊው ጆን አይቺሰን ነው፦ ድርሻን በድርሻ አካፍሎ ሎጋሪዝሙን መውሰድ። ጤፍ ለባቄላ በሁለቱም ዓመት አንድ ለአንድ ነውና አይዋሽም። በ2017 ደግሞ ባክቴሪያ አጥኚዎች ይህንኑ በዝርያዎች የዘር ሐረግ ዛፍ ላይ ዘረጉት። በእኛ እህል ብናየው፣ ዛፉ መጀመሪያ ባቄላን ከብርዕ ሰብሎች፣ ቀጥሎ ገብስን ከጤፍ ይለያል፤ በየመንታው አንድ ንጽጽር ይሰላል።

መመለስም ይቻላል። ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ተሰብስቦ፣ ሎጋሪዝሙ ተፈትቶ፣ እያንዳንዱ ለድምሩ ሲካፈል 20፣ 40፣ 40 ቁልጭ ብሎ ይመጣል። የማይመለሰው ኩንታሉ ነው። ገበሬው አምስት ያግባ ሃምሳ፣ ዛፉ አያውቅም፤ ድምሩ መቶኛው የተሰላ ዕለት ጠፍቷልና።

ፒርሰን በ1911 የኢዩጄኒክስ ፕሮፌሰር ሆነ፤ ሰውን በዘሩ ለማበላለጥ ቁጥር አሰለፈ። ቁጥርን የጠረጠረውን ያህል እምነቱን ሳይጠረጥር በ1936 አረፈ።

የ1977ቱን ረሃብ ያየ የዋግ ሰው የባዶ ጎተራን ትርጉም አስተማሪ አይሻም። የሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. የተገባው ቃል ኪዳንም የተሰየመው በሰቆጣ ነው። እንግዲህ ከዚያ ምድር መቶኛ የያዘ ሪፖርት ሲመጣ፣ ችሎት ያልቆመውን ጠበቃ ተክተን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ ከስንቱ? ድርሻ በሎጋሪዝም ሄዶ ይመለሳል፤ ያልተጻፈ ድምር ግን በየትኛውም ቀመር አይመለስም።