ይድነቃቸው ተሰማ እና የጥር 13ቱ ፍጻሜ

እዚህ ፍራንክፈርት ጀርመኖቹ አይንትራክት እ.ኤ.አ. በ1960 በሪያል ማድሪድ 7 ለ 3 የተሸነፈበትን ፍጻሜ ከታላላቆቹ ግጥሚያዎች ይቆጥሩታል። ተሸንፈውም ይኮሩበታል! የኛ አንጋፋዎች ግን የኳስ ክርክር ከተነሳ ከጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ንቅንቅ አይሉም። እኔም ከነሱ ጋር ነኝ።

ያን ዕለት አዲስ አበባ ላይ ግብጽ ሁለት ጊዜ መራች፤ ሁለቴም አቻ ሆንን፤ በጭማሪው ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ወሰድን። መንግሥቱ ወርቁና የቫሳሎ ወንድማማቾች ይወደሳሉ፤ ይገባቸዋልም። አሰልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ግን በክርክሩ መሐል ይረሳሉ።

አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር መጥተው ዘፈናቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ናቸው። ልጅየው እ.ኤ.አ. በ1921 ጅማ ተወልደው፣ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ከ20 ዓመት በላይ ተጫወቱ።

መሐንዲስ ነኝና ዓይኔ መሠረቱ ላይ ይሄዳል። በ1957 የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ካርቱም ላይ ሲቋቋም እሳቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች። ተጋጣሚዋ እኛ ነበርንና ሳንጫወት ለፍጻሜ አለፍን፤ እዚያም ግብጽ 4 ለ 0 ረታችን። የጥር 13ቱ ድል የዚያ ሽንፈት ብድር ነው፤ ክርክሩ ውስጥ ይህን የሚያነሳ ግን አላጋጠመኝም።

ከ1972 ጀምሮ እስካረፉበት 1987 ድረስ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መሩ፤ በአፓርታይድ ላይ የያዙትን አቋም አንድም ቀን አላላሉም። ደቡብ አፍሪካ የተመለሰችው በ1992 ነው። በ1996 ዋንጫውን ስታነሳ እሳቸው አልነበሩም።